«ከአራት ሦስት» እና «ሦስት አራተኛ»፦ ድብልቅ ቁጥር ስንደምር የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «መደርደሪያ እየሠራሁ ነው። ጠርዙ ላይ የሚለጠፍ ቀጭን እንጨት በሁለት ቁራጭ ያስፈልገኛል፤ አንዱ 2 ከ3/4 ሜትር፣ ሌላው 1 ከ5/6 ሜትር። ሙሉውን ከሙሉው፣ የላይኛውን ከላይኛው፣ የታችኛውን ከታችኛው ደምሬ 3 ከ8/10 አገኘሁ። 4 ሜትር ይበቃኛል ብዬ አመጣሁ። የመጀመሪያውን ቆርጬ ስጨርስ የተረፈው ለሁለተኛው አልደረሰም። ስሕተቱ የት ነው? ትምህርት ቤት ‹ትንሹ የጋራ ብዜት› የሚባል ነገር መማሬን አስታውሳለሁ፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን ገብቶኝ አያውቅም።»

መልሱን አስቀድሜ ልስጥዎ፤ ሥራ አቁሞ ማብራሪያ ማንበብ ያናድዳል። ሁለቱ ቁራጮች በድምሩ 4 ከ7/12 ሜትር ናቸው፤ በሳንቲ ሜትር 458 ከሲሶ። ካመጡት 4 ሜትር በላይ የሚያስፈልግዎ 7/12 ሜትር፣ ማለትም 58 ሳንቲ ሜትር ከሲሶ ነው።

ስሕተት መኖሩን ለማወቅ ግን ስሌት እንኳ አያስፈልግም ነበር። 3/4 ከግማሽ ይበልጣል። 5/6ም ከግማሽ ይበልጣል። ከግማሽ የሚበልጡ ሁለት ነገሮች ተደምረው ከአንድ ሊያንሱ አይችሉም። ሙሉዎቹ 2 እና 1 ተደምረው 3 ስለሆኑ፣ መልሱ ከ4 በላይ መሆኑ እርሳስ ሳይነሣ ይታወቃል። ሁለቱም ክፍልፋዮች ከአንድ ስለሚያንሱ ደግሞ 5 አይሞላም። አጥሩ ይህ ነው፤ ከ4 በላይ፣ ከ5 በታች። 3 ከ8/10 ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ሒሳብ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ተማሪዎች ከማስላታቸው በፊት ይህን አጥር እንዲያጥሩ ስወተውት ኖሬአለሁ፤ ብዙዎቹ ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል። መጋዝ ለያዘ ሰው ግን ከዚያች አምስት ሴኮንድ የበለጠ ትርፋማ ጊዜ የለም።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ።

የላይኛውን ቁጥር ላዕል፣ የታችኛውን ታሕት ብለን ተምረናል። ከግእዝ የመጡ ያማሩ ቃላት ናቸው፤ የሚነግሩን ግን ቁጥሮቹ የት እንደተቀመጡ ነው እንጂ ምን እንደሚሠሩ አይደለም። በላቲን ስያሜያቸውን ያገኙት ከሥራቸው ነው፤ የላይኛው «ቆጣሪ»፣ የታችኛው «ስም ሰጪ» ይባላል። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። በ3/4 ውስጥ ያለው 4 ብዛት አይደለም፤ የቁራሹ ስም ነው። «ሩብ» የሚለውን ስም በቁጥር ጽፈነው ነው። 3ቱ ደግሞ ስንት ሩብ እንደያዝን ይቆጥራል። በ5/6 ውስጥም እንዲሁ፤ የቁራሹ ስም «ስድስተኛ»፣ ብዛቱ አምስት። ሦስት ሩብ እና አምስት ስድስተኛ ሲደመሩ ስምንት የሚሆኑ ከሆነ፣ ስምንት ምን? ሩብም አይደሉም፤ ስድስተኛም አይደሉም። አሥረኛ ናቸው ማለት ደግሞ ስምን ከስም ጋር ደምሮ፣ በቦታው ያልነበረ ሦስተኛ ስም መፍጠር ነው።

ይህን ሥራ በሰዓት ላይ ሲሆን ማንም አይሳሳትበትም። አንዱ ሥራ 2 ከ3/4 ሰዓት፣ ሌላው 1 ከ5/6 ሰዓት ይወስዳል እንበል። ሦስት ሩብ ሰዓት 45 ደቂቃ ነው፤ አምስት ስድስተኛ ሰዓት ደግሞ 50 ደቂቃ። ስለዚህ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እና 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይሆናሉ። ድምሩ 3 ሰዓት ከ95 ደቂቃ ነው። 95 ደቂቃን እንዲሁ የሚተው ሰው የለም፤ 60ውን አንድ ሰዓት አድርጎ ያሻግርና 4 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይላል። 35/60ን በ5 ሲያቃልሉት 7/12 ነው። የእንጨትዎ መልስ ከነቤተ ዘመዱ ወጣ ማለት ነው። «የጋራ ታሕት» የሚባለው ነገር ይኸው ደቂቃ ነው፤ ሩብ ሰዓትንም ስድስተኛ ሰዓትንም ያለ ትራፊ የሚለካ ትንሽ አሃድ። ባቢሎናውያን በ60 መቁጠራቸው እስከ ዛሬ በሰዓታችን ውስጥ መቅረቱ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ምቹ ነው፤ 60 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5 እና ለ6 እኩል ይካፈላልና።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ረዳትም አሳሳችም ነው። «ሁለት ከሦስት አራተኛ» ስንል «ከ» የምትለዋ ፊደል «ጋር» ማለት ናት፤ ሁለት፣ ከእርሱ ጋር ሦስት አራተኛ። የመደመር ምልክት ናት ማለት ይቻላል። ስለዚህ ድብልቅ ቁጥር ራሱ ተጽፎ ያለቀ የሚመስል ድምር ነው፤ 2 ከ3/4 ማለት 2 + 3/4 ነው። ሙሉዎቹን ለብቻ፣ ክፍልፋዮቹን ለብቻ መደመር የተፈቀደውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የአራት ነገሮችን የመደመር ቅደም ተከተል ቀየርን እንጂ ሌላ አላደረግንም። እርስዎ ሙሉውን ከሙሉው ጋር መደመርዎ ትክክል ነበር።

ይህችው «ከ» ግን የፈተና ውጤት ስንናገር ሌላ ሥራ ትይዛለች። «ከአራት ሦስት አገኘ» ስንል «ከአራቱ ውስጥ» ማለታችን ነው። አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ፈተና ከአራት ሦስት፣ በሁለተኛው ከስድስት አምስት ቢያገኝ በጠቅላላው ከአሥር ስምንት አግኝቷል። የላይኛው ከላይኛው፣ የታችኛው ከታችኛው ጋር ተደመረ፤ ትክክልም ነው። ጀማሪ መምህር ሳለሁ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ይህንኑ አነሣብኝ። «ታዲያ 3/4 ሲደመር 5/6 ለምን 8/10 አይሆንም?» አለኝ። «ሕጉ አይፈቅድም» ብዬ አስቀመጥኩት። ልጁ ተቀመጠ፤ አላመነኝም፤ አለማመኑም ተገቢ ነበር። ልሰጠው የሚገባኝ መልስ ይህ ነበር፦ በፈተናው ጉዳይ «ሙሉ» የምንለው ነገር ራሱ አደገ። አራት ጥያቄ ነበር፣ ስድስት ተጨመረበት፣ አሥር ሆነ። ሜትር ግን አያድግም። የመጀመሪያው እንጨት የተለካበት ሜትርና ሁለተኛው የተለካበት ሜትር አንድና ያው ነው፤ መልሱም በዚያው ሜትር እንዲነገር እንፈልጋለን።

የላይኛውን ከላይኛው፣ የታችኛውን ከታችኛው በመደመር የሚገኘው ቁጥር ሁልጊዜ በሁለቱ ክፍልፋዮች መካከል ይወድቃል፤ እኩል ከሆኑ ደግሞ ያው ራሳቸው ይሆናል። 3/4 በመቶኛ 75 ነው፣ 5/6 ከ83 በመቶ ትንሽ ይበልጣል፣ 8/10 ደግሞ 80 ነው። እስቲ ያስተውሉት፤ በ5/6 ላይ 3/4 ተጨምሮበት ወደ 8/10 አነሰ! ጨምረንበት የሚቀንስ ድምር ካገኘን ያገኘነው ድምር ሳይሆን የአማካይ ዘመድ ነው። በነገራችን ላይ ይህ «መካከለኛ ክፍልፋይ» በሒሳብ ዓለም የተናቀ አይደለም፤ ጆን ፋሬይ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ምድር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1816 ስለ ባሕሪው ጽፎ በስሙ የሚጠራ የክፍልፋዮች ተርታ እስከ መኖር ደርሷል። ቦታው ግን የእንጨት ልኬት አይደለም።

አሁን ወደ ስሌቱ፤ ቁጥር ብቻ ሳይሆን እንጨቱን እየተመለከትን። አንድ ሜትር ዘንግ ወስደው ምልክት እያደረጉ አራት ቦታ እኩል ቢከፍሉት እያንዳንዱ ቁራሽ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሌላ አንድ ሜትር ዘንግ ስድስት ቦታ ቢከፍሉ እያንዳንዱ 16 ሳንቲ ሜትር ከሁለት ሦስተኛ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተኟቸው። ምልክቶቹ የሚገጥሙት መሀል ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይዛነፋል። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ ሩቡንም ስድስተኛውንም ሳይተርፍና ሳይጎድል የሚለካ ከሁለቱም ያነሰ ቁራሽ የትኛው ነው? ዘንጉን አሥራ ሁለት ቦታ ሲከፍሉት ይገኛል። አንዱ ሩብ የዚህ ትንሽ ቁራሽ ሦስት እጥፍ ነው፤ አንዱ ስድስተኛ ደግሞ ሁለት እጥፍ። ትንሹ የጋራ ብዜት የሚባለው ይህ 12 ነው፤ ያስፈለገውም ሁለቱን እንጨቶች በአንድ ዓይነት ቁራሽ ለመቁጠር ነው።

ስለዚህ ሦስት ሩብ ዘጠኝ አሥራ ሁለተኛ ይሆናል፤ 9/12። አምስት ስድስተኛ አሥር አሥራ ሁለተኛ ይሆናል፤ 10/12። ስማቸው አንድ ሆነ፤ አሁን መቁጠር ነው። ዘጠኝና አሥር አሥራ ዘጠኝ፤ 19/12። አሥራ ሁለቱ አንድ ሙሉ ሜትር ይሞላሉ፣ ሰባት ይተርፋሉ። 3 ሜትር ላይ 1 ሜትር ከ7/12 ሲጨመር 4 ከ7/12።

ታሕቱን ለማግኘት ቀላሉ ዘዴ ትልቁን ታሕት ይዞ ብዜቱን መጥራት ነው፤ 6፣ ለ4 አይካፈልም፤ 12፣ ይካፈላል፤ አበቃ። ታሕቶቹን እርስ በርሳቸው ማባዛትም ይቻላል፤ 4 በ6 24 ነው። 18/24 እና 20/24 ተደምረው 38/24፣ ማለትም 1 ከ14/24፣ ሲቃለል 1 ከ7/12። ያው መልስ ነው፤ የሚያስከፍለው መጨረሻ ላይ አንድ ተጨማሪ ማቃለል ብቻ ነው። «ትንሹ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያስፈራዋል፤ የግድ ትንሹ ካልሆነ ስሕተት የሚመስላቸው ተማሪዎች ገጥመውኛል። ትንሹ ለምቾት ነው፤ የግድ የሆነው የጋራ መሆኑ ነው።

ጠያቂዬ ያልሠሩት፣ ግን ከእርስዎ ስሕተት ቀጥሎ በብዛት የማየው ሌላ ስሕተት አለ። ታሕቱን ወደ 12 ቀይሮ ላዕሉን ባለበት መተው ነው፤ 3/12 እና 5/12። ቁራሹን ሦስት እጥፍ አሳንሰን ብዛቱን ሳንጨምር ከቀረን እንጨቱን ቆርጠን ጣልነው ማለት ነው። ቁራሹ ባነሰ መጠን ቁጥሩ መብዛት አለበት።

ብዙ መጻሕፍት ድብልቁን በሙሉ መጀመሪያ ላዕሉ ከታሕቱ ወደሚበልጥ ክፍልፋይ ቀይሩ ይላሉ፤ 11/4 እና 11/6፣ ከዚያ 33/12 እና 22/12፣ ድምራቸው 55/12፣ ተመልሶ 4 ከ7/12። ትክክል ነው። ለማባዛትና ለማካፈል ጥሩ መንገድም ነው። ለመደመር ግን ለኔ ዙሪያ ጥምጥም ነው። 127 ከ3/8 ሜትር እና 86 ከ5/6 ሜትር ሽቦ ልደምር ብልዎ 127ን ወደ ስምንተኛ ቀይረው 1019/8 ብለው መጀመር ይፈልጋሉ? ሙሉዎቹ 213 ናቸው፤ 9/24 እና 20/24 29/24 ናቸው፤ መልሱ 214 ከ5/24። ትልልቆቹን ቁጥሮች ሳንነካ ጨረስን።

ሦስት ነገር ሲሆንም ደንቡ አይለወጥም። ከተለያዩ ሥራዎች የተረፈ ተመሳሳይ ቀለም በሦስት ቆርቆሮ አለ እንበል፦ 1 ከ1/2 ሊትር፣ 2 ከ2/3 ሊትር፣ 3 ከ3/8 ሊትር። ትልቁ ታሕት 8 ነው፤ 8 ለ3 አይካፈልም፣ 16 አይካፈልም፣ 24 ለሁሉም ይካፈላል። 12/24፣ 16/24፣ 9/24፤ ድምራቸው 37/24፣ ማለትም 1 ከ13/24። ሙሉዎቹ 6 ስለሆኑ 7 ከ13/24 ሊትር። 7 ተኩል ሊትር ከጥቂት ጠብታ ብለው ቢያስቡት ለቀለም ከበቂ በላይ ነው።

መለኪያዎ በኢንች ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት። የኢንች መለኪያ ላይ ምልክቶቹን ጠጋ ብለው ይዩ፤ ረጅሙ ሰረዝ ሙሉ ኢንች ነው፤ ከእርሱ ያጠረው ግማሽ፣ ከዚያ ያጠረው ሩብ፣ ቀጥሎ ስምንተኛ፣ በጣም አጭሩ አሥራ ስድስተኛ። እያንዳንዱ የቀደመውን ለሁለት ሲከፍል የመጣ ስለሆነ ትልቁ ታሕት ሁልጊዜ የጋራ ታሕት ነው፤ መፈለግ የለም። 5 ከ3/8 እና 3 ከ13/16 ሲደመሩ 6/16 እና 13/16 ይሆናሉ፤ 19/16፤ 1 ከ3/16፤ በጠቅላላው 9 ከ3/16 ኢንች። የእርስዎ ሩብና ስድስተኛ ደግሞ የሚገናኙት በጫማ ላይ ነው፤ አንድ ጫማ 12 ኢንች ስለሆነ ሦስት ሩብ ጫማ 9 ኢንች፣ አምስት ስድስተኛ ጫማ 10 ኢንች ነው። ያው 9 እና 10 ተመልሰው መጡ። አንዱ ልኬት በሜትር ሌላው በጫማ ከሆነ ግን ክፍልፋዩን ከመንካትዎ በፊት ወደ አንዱ ይቀይሩ።

«ለምን በነጥብ አልጽፈውም?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ ሁልጊዜ ይከተላል። 2 ከ3/4 ሜትር 2.75 ነው፤ ምንም አልጠፋም። 1 ከ5/6 ግን 1.8333… እያለ አያልቅም። ሩብ፣ አምስተኛ፣ ስምንተኛ በነጥብ ያልቃሉ፤ ታሕታቸው ከ2 እና ከ5 ብቻ የተሠራ ነው። ሲሶና ስድስተኛ አያልቁም። ለአንድ ቁራጭ ልዩነቱ የመጋዙን ስፋት ያህል ነው፤ 1.83 ብለው ቢቆርጡ የሚጎድለው 3 ሚሊ ሜትር ከሲሶ ነው። የሚጎዳው ሲደጋገም ነው። ስድስት ቁራጭ እያንዳንዱ 1 ከ5/6 ሜትር ቢሆን በክፍልፋይ ድምሩ ልክ 11 ሜትር ነው፤ 6 ሙሉ እና 30/6። 1.83ን በ6 ሲያባዙ 10.98 ያገኛሉ፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፋ። ስለዚህ ድምሩን በክፍልፋይ ጨርሰው መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ሳንቲ ሜትር ይቀይሩ።

ወረቀት በሌለበት ጊዜ የምጠቀምበት አንድ ጥንታዊ ዘዴ አለ። የጥንት ግብፃውያን ከ2/3 በስተቀር ላዕሉ 1 ያልሆነ ክፍልፋይ አይጽፉም ነበር ማለት ይቻላል፤ ቀሪውን ሁሉ በግማሽ፣ በሲሶ፣ በሩብ እየበተኑ ይናገሩታል። አሕመስ የተባለ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የገለበጠው የሒሳብ ፓፒረስ በዚህ ዓይነት ስሌት የተሞላ ነው። በእነርሱ መንገድ 3/4 ግማሽና ሩብ ነው፤ 5/6 ደግሞ ግማሽና ሲሶ። ሁለቱ ግማሾች ወዲያው አንድ ሙሉ ይሆናሉ። የቀሩት ሩብና ሲሶ ናቸው፤ 3/12 እና 4/12፣ 7/12። ለሁሉም ቁጥር እንዲህ አይሰላም፤ ሲሰላ ግን እንደ እርስዎ ጥያቄ መሰላል ላይ ቆመው በአእምሮዎ ይጨርሱታል።

ለመጻፍ ግን አንድ ነገር ልለምንዎ። በእንጨት ቁራሽ ጀርባ ላይ በችኮላ ሲጻፍ 2 3/4 በቀላሉ 23/4 ይመስላል። ወይ «ከ»ን ጣል ያድርጉባት፣ ወይ 2 + 3/4 ብለው ይጻፉት።

ወደ እንጨትዎ ስንመለስ፣ ጉድለቱን በሌላ በኩል እናረጋግጥ። ከ4 ሜትሩ 2 ከ3/4 ሲቆረጥ የሚቀረው 1 ከ1/4 ሜትር ነው። የሚፈለገው 1 ከ5/6። ሙሉዎቹ እኩል ናቸው፤ 10/12 ሲቀነስ 3/12፣ 7/12። በሁለት መንገድ ሄደን አንድ ቦታ ደረስን፤ ልኬቱን ማመን ይቻላል። አዲስ ረጅም እንጨት ማምጣት አያስፈልግዎም፤ አጭር ቁራጭ መቀጠል ይበቃል። 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃኛል እንዳይሉ ግን፤ መጋዙ በየቁርጡ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይበላል፤ መጋጠሚያው እንዳይታይ በ45 ዲግሪ አግድም ከቆረጡት ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ በእንጨቱ ውፍረት ልክ ይደረባል። ውፍረቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከ59 ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ ያስፈልጋል። 65 ሳንቲ ሜትር ይዘው ይጀምሩ፤ መጋጠሚያውን አጣብቀው ካደረቁ በኋላ ትርፉን ከመጨረሻው ጫፍ ይቁረጡት።